ታክሲ ውስጥ ነፍስ ይማር የተባለለት ተከላካይ

ከአባቴ ጋር ከመገናኛ ወደ ጎሮ በታክሲ እየሄድን ነው። አባዬ በወጣትነቱ ስሙ የገነነ ተከላካይ ነበር፤ ዛሬ ስኳር በሽታ አክስቶት መንገድ ላይ የሚያውቀው የለም። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ድሮ ኳስ ሲያወሩ ስሙን አነሱ። አንደኛው «እሱን የሚያልፍ አጥቂ አልነበረም» ሲል ሌላው ሳቀበት። «ዝም ብላችሁ ነው የምታካብዱት። ከመራገጥ ሌላ ምን ያውቅ ነበር?» ደሜ ፈላ። «እዚሁ ተቀምጧል እኮ» ልል ስል አባዬ እጄን ጭምቅ አደረገና ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ሰውዬው እኮ ሞቷል» አላቸው።

ሲያጣጥለው የነበረው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። «ውይ፣ ነፍሱን ይማር። እውነት ለመናገር እንደሱ ያለ ተከላካይ አላየሁም» ብሎ እስከ ጎሮ ድረስ ሙገሳውን አወረደው። አባዬ አንገቱን ደፍቶ አንዷም ሳታመልጠው አዳመጠ። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ጎሮ ስንደርስ ያው ሰውዬ «ቀስ ይበሉ አባባ» እያለ ክንዱን ደግፎ አወረደው።

«ቀብሩ መቼ ነበር? ሳንሰማ ቀረን እኮ» አለው።

«ማንም አልሰማም» አለ አባዬ።