ሳይቆለፍ የኖረው ሣጥን

አመሻሹ ላይ አቶ ሞገስ የልብስ ሣጥናቸውን ወደ በረንዳ ሲጎትቱ፣ ተከራያቸው ሐዳሳ ከሥራ ስትመለስ ደረሰችባቸው። ሐዳሳ ሕግ የተማረች፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቤት ሊለቁ ነው እንዴ?»

«ከወዲያ ማዶ የመንግሥት ሰዎች ቤት እየፈተሹ ነው አሉ። እዚሁ አይተው ይሂዱልኝ ብዬ ነው።» ቁልፉ እንደ ወትሮው ሣጥኑ ላይ ተሰክቷል።

«ትእዛዝ ይዘው ነው?»

«የምን ትእዛዝ! በጣልያን ጊዜ ወታደሮች አያቴ ቤት ገቡ። አያቴ ቁልፍ ሲፈልጉ ዘገዩ፤ ሣጥኑን በሰደፍ ሰብረው እሳቸውንም ወሰዷቸው። እንደ ወጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ሣጥን አይቆለፍም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!»

ሌላው ከአያቱ መሬት ይወርሳል፤ አቶ ሞገስ የወረሱት ፍርሃት ነው።

«እሱ ወራሪ ነበር ጋሼ። ዛሬ ሕግ አለ። ወንጀለኛ እያባረሩ እንደ መድረስ ያለ አጣዳፊ ነገር ካልገጠመ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት አይበረበርም።»

«የሚደብቀው ባይኖር ባልጠየቀ ይሉኛላ!»

«ሲታጠቡ በር የሚዘጉት ወንጀል ሠርተው ነው?»

ሽማግሌው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ይኼኔ ሐዳሳ ስትገባ የቀረቀረችው የግቢ በር ተደበደበ።

«ከመንግሥት ነን! ክፈት!»

ሐዳሳ ጎረቤታቸውን አስካለን በአጥር ላይ ለምስክርነት ጠራችና «እኔ ልናገር?» አለቻቸው። እሳቸው ግን ሣጥኑን ያያሉ። የሟች ባለቤታቸው የወርቄ ልብስ እንደ ታጠፈ እዚያ ውስጥ ነው። የማያውቁት ሰው እጅ ሲያገላብጠው ታያቸው፤ ይህ ከፍርሃቱም ባሰባቸው።

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል?» አሉ በሩን ሳይከፍቱ።

ከውጭ አንዱ በሩን እንደገና መታ። «የምትደብቀው ነገር አለ ማለት ነው?»

«አለ። የሚስቴ ልብስ።»

አስካለና ሌሎችም ጎረቤቶች ብቅ ብቅ ሲሉ ሰዎቹ «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። ማን እንደ ነበሩ ያወቀ የለም።

«ቢመለሱስ?» አሉ አቶ ሞገስ።

«ትእዛዙን አንብበን፣ ምስክር አቁመን እናስገባቸዋለን። አንሳደብም፣ አንታገልም። መጠየቅ መንግሥትን መድፈር አይደለም ጋሼ። መንግሥት ነኝ ባዩን ሌባ ደጅ ያስቀረዋል፤ ቅኑን ፖሊስ ከሐሜት ያድነዋል፤ እርስዎንም በገዛ ቤትዎ እንግዳ ከመሆን ያወጣዎታል።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። ያ ሁሉ ዘመን የኖረ ፍርሃት በአንድ ምሽት አይለቅም። ቢሆንም ሣጥኑን ወደ ጓዳ መለሱና ቁልፉን ሊያዞሩ ሞከሩ። ዞሮ አያውቅምና ዝጎ እምቢ አላቸው።

«ልጄ፣» አሉ፣ «እስቲ ትንሽ ዘይት አምጪልኝ።»