ለማኙን ደጅ አስቀርተን

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ንብረት ጠባቂ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጃችን ስብሰባ በጠራ ቁጥር ገንዘብ አሰባሳቢያችንን ታደሰን አያስገባውም። «ጓዶች፣ የለማኝ ቦታው ደጅ ነው!» ሲል እኛ ደመወዝተኞቹ በሳቅ እንፈርሳለን። እንዲህ እየሳቅን ታደሰ ለሙጃ አካባቢ ገበሬዎች ዘር መግዣ ለምኖ ያመጣውን ገንዘብ ለቢሮው ሶፋ ገዛንበት።

አንድ ቀን ለጋሾቹ «ዘሩስ?» እያሉ ከተፍ አሉ። ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ፣ «ታደሰ፣ ግባ እንጂ! አንተ አስረዳቸው» አለ። በአገሬው ተወካይነት አብረውን የሚሰበሰቡት መሪጌታ ሳቃቸው መጣ። «እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን፣ ሲለምን ውሻ የነከሰው ልጅ ያመጣውን ቁራሽ አብሮን ይበላ ነበር። እናንተ ዘንድ ግን የሚበላው ሌላ፣ የሚነከሰው ታደሰ!»

ሶፋው ላይ የነበርነው ሁሉ ብድግ አልን።