በአራስ ቤት የተጻፈው ምዕራፍ

ከትምህርት ቤት ስመለስ መንደሩ ሁሉ አክስቴ ለማለት ማክቺክ የሚላቸውን ተማህን በሩዝ ማሳው ዳር ባለው ቀጭን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በሳሮንግ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ቶሎ ቶሎ ይራመዳሉ። የልጅ ልጃቸው መስሎኝ ክው አልኩ።

«ምነው ማክቺክ፣ ሕፃኑን አመመው?»

«የብረት ሕፃን ነው» አሉና ጨርቁን ገለጥ አደረጉልኝ። የኖርሲያህ የጽሕፈት መኪና ነበር።

ኖርሲያህ ምራታቸው ናት፤ ከእኔ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የልጆች ተረቶቿን የክፍለ ሀገራችን የክላንታን ተማሪዎች እየተሻሙ ያነቧቸዋል። አሁን ደግሞ የመጀመሪያውን ልብ ወለዷን አንድ የሲንጋፖር አሳታሚ ተቀብሎላት፣ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰው ተራዋን ለሌላ ደራሲ እንደሚሰጥ አስታውቋታል፤ ወሩም ሊያልቅ ነው። እሷ ግን ወልዳ ተኝታለች። በእኛ ዘንድ አራስ አታነብም፣ አትጽፍም። ዓይኗ ይጠፋል፣ ሲብስም አእምሮዋ ይነካል ይባላል።

«ታዲያ ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ጎረቤት ልደብቀው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ትናንት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ አገኘኋት። ጀምሯታል ማለት ነው።»

«የምታለቅሰው እኮ መጽሐፏ ሊቀርባት ስለሆነ ነው።»

«እናንተ የተማራችሁት መቼም ምክንያት አታጡም! መጽሐፍ ይቆያል። አእምሮ ከሄደ ማን ይመልሰዋል? አንቺ ትመልሺዋለሽ፣ መምህርት ራውዳህ?»

እኔም ፈርቼ ነበር። ኮሌጅ የተማርኩት ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ጥሎኝ ጠፋ። ቢሆንም የልቧን ከራሷ አፍ ይስሙ ብዬ፣ እንደምንም ለምኜ ወደ ቤት መለስኳቸው።

ኖርሲያህ እንዲያሞቃት ከእሳት ፍም በላይ በተሠራው የቀርከሃ አልጋ ላይ፣ ሆዷ በጨርቅ ተጠፍሮ ተጋድማለች። መስኮቱ ተዘግቷል። ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ሩዝና ደረቅ ዓሣ ሳይነካ ቀርቷል። ፊቷን ሳየው ማክቺክ እውነታቸውን ይሆን እንዴ አልኩ በልቤ።

«እማ» አለች መኪናውን በእጃቸው ስታይ፣ «የጋለ ድንጋይ ሆዴ ላይ ሲያደርጉ እሺ ብያለሁ። ቀዝቃዛ ነገር አትቅመሺ ሲሉኝ እሺ ብያለሁ። ይሄን ግን አይውሰዱብኝ።»

«እሺ ያልሽው ለራስሽ ነው! ታናሽ እህቴን ሰፒያህን አላየሻት። እሷም እንዲሁ በለቅሶ ነው የጀመራት። እስክትሞት ድረስ ወንዝ ዳር እየሄደች ስትጣራ ኖረች።»

«ሰፒያህ ታነብ ነበር?»

«ኧረ ፊደል የት አውቃ!»

«ታዲያ ምን አሳበዳት?»

ማክቺክ ተማህ መኪናውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ልጇ ሳይሰነብት ሞተባት» አሉ ቀስ ብለው። «ስሙን እንዳታነሳ ከለከልናት። ይብስባታል ብለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን።»

«ዝም አለች?»

«ቤት ውስጥማ ዝም አለች። ወንዝ ዳር ነበር የምትጠራው።»

ኖርሲያህ እጇን ዘርግታ ትከሻቸውን ያዘች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፣ እማ? እኔ ጭንቀቴን የማወጣው በዚህ ነው። ለዓይኔ ከፈሩልኝ በቀን ብርሃን፣ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ። ሲደክመኝ አቆማለሁ።»

«አላቆም ብትይስ?»

«አጠገቤ ተቀምጠው ያስቁሙኛ!»

«በቁንጥጫ ነው የማስቆምሽ» አሉ። ግን ተነሥተው መስኮቱን የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

እኔ የአባቶች ልማድ ሁሉ ይጣል የምል ሰው አይደለሁም። አራስን ማሳረፍ፣ ማሞቅ፣ ብቻዋን አለመተው መልካም ነው። አፏንና እጇን ማሰር ግን ጥበቃ ሳይሆን ሌላ በሽታ ነው። ምዕራፉ በጊዜው ደረሰ፤ መጽሐፉ ታተመ፤ ከእሱም በኋላ ኖርሲያህ በየጊዜው ለልጆች ስትጽፍ ኖረች። ዓይኗም ደህና ነው። መነጽር ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ሳልወልድ። ዛሬ በመንደራችን አራስ ስታለቅስ አፍሽን ያዢ የሚላት የለም፤ ምን ሆነሻል ተብላ ትጠየቃለች። ማክቺክ ተማህም አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ከቁንዶ በርበሬው ጋር አንድ መጽሐፍ ይዘው መሄድ ለመዱ።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን በኋላ ነው። በዚያ ቀን ማክቺክ አልጋው ሥር ተቀምጠው፣ መኪናው በተንቋቋ ቁጥር እየተሳቀቁ፣ የምራታቸውን ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። ድንገት «አቁሚ!» አሉ።

«ኧረ አልደከመኝም፣ እማ።»

«አውቃለሁ።» ወደ መኪናው ጠጋ አሉ። «የሰፒያህ ልጅ ስሙ ዘይኑዲን ነበር። ጻፊው።»