ሃያ ሦስት ቀን

በዋግ ቆላ፣ በአንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ነርሷ ማንጠግቦሽ የአሥራ አንድ ዓመት ባልደረባዋ በነበረው፣ አሁን የቅርንጫፉ ኃላፊ በተደረገው በአያልነህ ፊት ቆማለች።

ማንጠግቦሽ፦ አላስተረጉምም አልኩህ! ሌላ ሰው ፈልግ።

አያልነህ፦ ማንን ልፈልግ? ነገ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፈረንጁን ዶክተር ሊያመሰግን ነው። ጋቢ ሁሉ ተገዝቶለታል።

ማንጠግቦሽ፦ ይልበሰው፤ ያምርበታል። እኔን ግን እዚያ አታቁመኝ።

አያልነህ፦ ምን አደረገሽ ሰውዬው? ክትባቱ የመጣው በሱ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ እሱማ ምን ያድርገኝ። ሁለት ቀን ቆየ፣ እኔ ያሳየሁትን ሕፃናት አየ፣ "ኩፍኝ ነው" ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን መኪና ሙሉ ክትባት መጣ። እኔ ያንኑ ጽፌ ለዋናው ቢሮ እንድትልክልኝ ከሰጠሁህ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር። ያበሻ ነርስ የጻፈችውን ማን ያነባል!

አያልነህ፦ ያለፈውን አታንሺብኝ በቃ።

ማንጠግቦሽ፦ መቼ አለፈና! ዘጠኝ ልጅ ተቀብሯል። እሑድ የፈንታዬ ልጅ ለቅሶ ሄጄ ከመደቡ ጫፍ ቁጭ ስል ሴቶቹ አንድ ባንድ ተነሡ። ፈንታዬ ቀና ብላም አላየችኝ። ስወጣ እናቷ እስከ በር ተከትላኝ "ፈረንጁ ሲመጣ ባንዴ የደረሰ መድኃኒት፣ ለኛ ጊዜ ምን ያዘሽ?" አለችኝ።

አያልነህ፦ ሐዘን ነው የሚያናግራቸው።

ማንጠግቦሽ፦ አያልነህ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ከምስጋናው በፊት ደብዳቤዬ ይነበብ። ቀኑም ፊርማዬም አለበት። ዝም እንዳላልኩ ይወቁልኝ።

አያልነህ፦ አይሆንም።

ማንጠግቦሽ፦ ፈረንጆቹ እንዳይቀየሙ ነው? ይቀየሙ! አንተን የሾሙህ እኮ "ከእንግዲህ ያገሬው ሰው ይምራ" ብለው ነው። ያን ቀን እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ፤ የሚናገርልን አገኘን ብዬ።

አያልነህ፦ እባክሽ ማንጠግቦሽ።

ማንጠግቦሽ፦ ዋናው ቢሮ ንቆ ጣለው በላቸው። ውሸት ነው?

አያልነህ፦ አልጣሉትም።

ማንጠግቦሽ፦ ታዲያ የት አደረሱት?

አያልነህ፦ አልደረሳቸውም። እኔ ጋ ነው ያለው።

ማንጠግቦሽ፦ ምን?

አያልነህ፦ "ባለሙያ ላኩልኝ" ብዬ ብቻ ጻፍኩ። መጥቶ ያረጋግጥ ብዬ ነው። አንዲት ነርስ ወረርሽኝ ገባ ስላለች... ብትሳሳቺስ? በተሾምኩ በወሩ መሳቂያ ልሁን?

ማንጠግቦሽ፦ አሥራ አንድ ዓመት ስንሠራ ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ?

አያልነህ፦ አንድም ቀን።

ማንጠግቦሽ፦ ዶክተሩንስ ስንት ቀን ታውቀዋለህ?

አያልነህ፦ ያኔ ሁለት ቀን።

ማንጠግቦሽ፦ እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ ፈረንጆቹን ስረግም ነው የከረምኩት።

አያልነህ፦ ይቅር በይኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ነገ... ምን ልትያቸው ነው?

ማንጠግቦሽ፦ እኔ ምን እላቸዋለሁ? ለፈንታዬ አንተው ንገራት። ያገሯ ልጅ ነህ፤ አስተርጓሚ አያስፈልግህም።