ሐይቅ ጥሎ ሐይቅ ፍለጋ

(ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጣፍተው በግቢው በር መሀል ወንበር አስቀምጠው ቁጭ ብለዋል፤ አማቻቸው ምትኩ ትንሽ የሞተር ጀልባ በተሳቢ ካሰረባት ፒክአፕ አጠገብ ቆሞ እንዲመርቁትና መንገድ እንዲለቁለት ይለምናቸዋል።)

ምትኩ፦ እማማ፣ በማርያም፣ ይመርቁን አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ? ዛሬ ያቤሎ ካላደርን ነገ ድንበር አንሻገርም።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ መረቅኩህ እኮ። መኪናዋን መረቅኩ፣ ጎማዋን መረቅኩ፣ አንተንም እንደምንም ብዬ መረቅኩ። ጀልባዋን ግን አልመርቅም። ጀልባ መመረቅ የኖኅ ቤተሰብ ሥራ ነው።

ምትኩ፦ ሰናይት «እማዬ ካልመረቀች ንቅንቅ አልልም» ብላ ሻንጣዋን እንደከፈተች አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ልጄ ብልህ ናት። ባል ስትመርጥ ነው ትንሽ የተዘናጋችው።

ምትኩ፦ እሺ፣ ይስደቡኝ። ግን ወንበሩን ትንሽ ወደዚያ ጠጋ ቢያደርጉልኝ...

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ወንበሩ ምን አደረገህ? ትናንት የበሩን ግንብ ገጭተህ ስትንደው ወንበር ነበር እንዴ የጋረደህ?

ምትኩ፦ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል እማማ። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ልምድ ይጠይቃል።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ግንቡም ይህንኑ ነው ያለኝ። ኬንያ ደግሞ መኪና በግራ በኩል ነው የሚነዳው አሉ። እንግዲህ አንተ ወደ ቀኝ፣ ተሳቢው ወደ ግራ፣ የኬንያ የጭነት መኪና ደግሞ ከፊት ለፊት። ልጅህ ኖላዊት ከኋላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥሩ የዕረፍት ጊዜ ነው።

ምትኩ፦ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ትናንትም ቀስ ብለህ ነበር። ግንቡም የወደቀው ቀስ ብሎ ነው። እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ፤ እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያ ከዛፎቹ ጀርባ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?

ምትኩ፦ ሐይቅ ነዋ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ አንተ የምትሄድበት የኬንያው ናይቫሻስ?

ምትኩ፦ እሱም... ሐይቅ ነው።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ የእነሱ ውኃ ይበልጥ ያረጥባል?

ምትኩ፦ እማማ፣ ይህ መዝናናት ነው። ፈረንጆች ክረምትና በጋ ጀልባቸውን እየጎተቱ ከአገር አገር ይሄዳሉ። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሰውዬ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነውሻው ሦስት አገር አቋርጧል።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ደጁ ላይ ሐይቅ ስለሌለው ነዋ! ድንበር ላይ ፖሊሱ «ይህ ምንድን ነው?» ሲልህ ምን ልትለው ነው?

ምትኩ፦ ጀልባ ነዋ። ወረቀቱም አለኝ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ «ወዴት ትወስዳታለህ?»

ምትኩ፦ ወደ ሐይቅ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ «ከየት አመጣሃት?»

ምትኩ፦ ...ከሐይቅ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እኔ ፖሊሱን ብሆን ወረቀትህን አላይም። ሐኪም ነው የምጠራልህ።

ምትኩ፦ ይሳቁብኝ። ሁሉም ስቆብኛል፣ እርስዎ ለምን ይቅርብዎት?

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ማን ሳቀ? እኔ ስስቅ አየኸኝ? እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ናይቫሻ ጉማሬ አለ?

ምትኩ፦ አለ... መሰለኝ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ብዙ?

ምትኩ፦ የተወሰነ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ የተወሰነ! እዚህ አንድ ጉማሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ጀልባህን መትቶ አሰመጠብህ። አሁን ልጅቷን ይዘህ መንጋው ያለበት ትሄዳለህ። የኬንያ ጉማሬ አማች ያከብራል ያለህ ማን ነው?

ምትኩ፦ የጉማሬውን ነገር እንተወው እማማ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እንዴት ይተዋል? አንተማ «ጉማሬ መታኝ» ብለህ ገብተህ ብርድ ልብስ ተከናነብክ። ጉማሬውን ተሸክሜ በከተማው የዞርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መካከለኛ ጉማሬ ነበር። የዕድራችን ሊቀመንበር ወይዘሮ እቴነሽ አፏን ስታጣምም ጊዜ አተለቅኩት። ቤተክርስቲያን በር ላይ ጥርስ ጨመርኩለት። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሴት አደረግኳትና ግልገል አስወለድኳት፤ እናት ጉማሬ ልጇን ስትጠብቅ ይብስባታል ብዬ።

ምትኩ፦ ግልገል?

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ምን ላድርግ? «ጉማሬ እንዲያው በሰላም ቀን ለምን ይማታል?» ብለው ያዙኝ። በጾም ነው የዋሸሁት፣ ምትኩ። ነፍስ አባቴ አሁንም ስለ ግልገሏ ደህንነት ይጠይቁኛል።

ምትኩ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ከልቤ ነው።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ አታመስግነኝ፤ መልስልኝ። ጀልባዋ ለምን ሰመጠች?

ምትኩ፦ ያው... ጉማሬው ከሥር...

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ጉማሬውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ አልኩህ። ለእኔው መልሰህ ታስተዋውቀዋለህ?

ምትኩ፦ ሰናይት እንዳትሰማ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ሰናይት ሻንጣዋን እያየች ነው። ተናገር።

ምትኩ፦ ከጀልባዋ ኋላ፣ ታች፣ አንዲት ቀዳዳ አለች። መንገድ ላይ ስትጎተት ዝናብ ቢገባባት እንዲፈስ ውታፏ ይነቀላል። ውኃ ላይ ከመውረዷ በፊት ደግሞ መልሶ ማጥበቅ ነው።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እና?

ምትኩ፦ ረሳሁት።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ጎሽ። ቀጥል።

ምትኩ፦ ምን ይቀጥላል? ሞተሩን አስነሳሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጢም ብሏል፤ ዓሣ ሊበላ የመጣው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እኔም ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ሲደርስ ማዕበል ረጭቶብኝ መሰለኝ። ጉልበቴ ሲደርስም እያውለበለብኩ ነበር።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ይህንን እንኳ ነግረውኛል። «አማችሽ እስከ ደረቱ ሰላምታ ሲሰጠን ነበር» ብለው።

ምትኩ፦ አዩ? አዩልኝ? ለዚህ ነው የምሄደው! አሞራ ገደል ብቅ ስል ዓሣ አስጋሪዎቹ «ሰርጓጁ መጣ!» ይላሉ። መሥሪያ ቤት ውኃ ስጠጣ «ቀስ በል ምትኩ» ይሉኛል። ጠጉር አስተካካዩ ሳይቀር ራሴን ሲያጥብ «ዋና ትችላለህ?» አለኝ። ናይቫሻ ማንም አያውቀኝም። አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ልጄ ፊት ይህችን ጀልባ በሥርዓቷ ነድቼ ልመለስ። እሷ ፊት ነው እኮ የሰመጥኩት እማማ። አልሳቀችም። ክፍል ውስጥ ጉማሬ ስላ «አባቴ ታግሎት ነው የወጣው» ብላለች።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ...ትግሉን እኔ አልጨመርኩም። እሱ የራሷ ነው።

ምትኩ፦ አውቃለሁ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ አሁን እኔን ስማኝ። ያን ቀን አንድ ጎረቤት በሩን ገፍቶ «የምትኩ ጀልባ ሰመጠች» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አልነገረኝም። አሞራ ገደል የደረስኩት በአንድ እግር ጫማ ነው። ስለ አንተ አልጠየቅኩም፤ ይቅር በለኝ፣ አንተ እንኳ ትዝ አላልከኝም። ኖላዊት ዳር ላይ ቆማ ሳምቡሳዋን ሊነጥቋት የመጡትን አባ ኮዳ አሞራዎች ስታባርር አየኋት። አብራህ ልትገባ ስትል ሳምቡሳ አምሯት ነው ወደ ኋላ የቀረችው። ሳምቡሳ! የሻጯን እጅ ስሜ ተመለስኩ፤ ከንፈሬ ዘይት በዘይት ሆኖ።

ምትኩ፦ ይህን አልነገሩኝም።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርክ። ደግሞ ሳምቡሳ ሁልጊዜ አያምራትም። እንግዲህ ያቺ ቀዳዳ አሁን በምን ተደፍናለች?

ምትኩ፦ የነሐስ ውታፏ ያን ቀን ሐይቅ ውስጥ ጠፍታ ቀረች። አዲስ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። አናጺ ጋ ሄጄ እንጨት አስጠርቤ ላስቲክ ጠቀለልኩበት። አይስጉ፣ ውኃ ይይዛል።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ በምን አወቅክ?

ምትኩ፦ ባልዲ ታቹን በስቼ ወትፌበት ሞከርኩት።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ በባልዲ!

ምትኩ፦ አንድ ሌሊት ሙሉ ጠብታ አላፈሰሰም።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ የልጅ ልጄን ሰው አገር ወስደህ፣ ጉማሬ መሀል፣ ባልዲ በመረቀው እንጨት ላይ ልታስቀምጥልኝ! ከዚያ ደግሞ «እማማ ይመርቁን» ትለኛለህ። ና ወደዚህ። የነጠላዬን ጫፍ ፍታ።

ምትኩ፦ ምን?

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ቋጠሮውን ፍታው እንጂ። ጣቶቼ እሺ አይሉኝም።

ምትኩ፦ ምንድን ነው እንዲህ የከበደ... እንዴ! ይህቺ እኮ ውታፏ ናት... እማማ! ጥርሷ ሳይቀር ያው ራሷ ናት! ከየት አገኟት?

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ከሱሪህ ኪስ። ያን ቀን ለብሰኸው የመጣኸውን እርጥብ ሱሪ ማን ያጠበው መሰለህ? ጉማሬው?

ምትኩ፦ ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎ ጋ ነበረች? እኔ ሐይቅ ዳር ጭቃ ሳገላብጥ ስንት ቀን ዋልኩ!

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እኔ ጋ ነበረች። ለቅሶ ስሄድ ለቅሶ፣ ቤተክርስቲያን ስሄድ ቤተክርስቲያን። ስለ ጉማሬው ሳወራ በጣቴ እየዳሰስኳት ነው የማወራው። ይህቺ ከእኔ እስካልወጣች ልጅቷ ውኃ ላይ አትወጣም ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። ሰው እንጨት ይወትፋል ብዬ በምን ልጠርጥር!

ምትኩ፦ ስለዚህ ሁሉንም ያውቁ ነበር። እያወቁ ዋሹልኝ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ታዲያ ምን ልበል? «የልጄ ባል ቀዳዳ መድፈን ረስቶ ነው» ልበል? የሰናይትም ስም አለበት፣ የኖላዊትም ስም አለበት። የእኔም ትንሽ አለበት።

ምትኩ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ችግሩ ሁሉ ተፈታ። ውታፏ ተገኘች፣ እርስዎም ይመርቁናል፣ እኛም...

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እጅህን ሰብስብ። መልሳት ወደዚህ። የምሰጥህ አሞራ ገደል ስንደርስ ነው።

ምትኩ፦ አሞራ ገደል? ኬንያ እኮ ነው የምንሄደው!

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ መጀመሪያ እዚህ። ዛሬ። ወደ ኋላ እየነዳህ ታወርዳታለህ፤ ደግነቱ እዚያ ግንብ የለም። ውታፏን ዓይኔ እያየ ታጠብቃለህ። ከዚያ እስከ መሀል ደርሰን እንመለሳለን።

ምትኩ፦ እን... ማን ነው «እንመለሳለን»?

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እኔና አንተ።

ምትኩ፦ እርስዎ ዋና አይችሉም!

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ስለዚህ በደንብ ታጠብቃታለህ።

ምትኩ፦ ዛሬ ቅዳሜ ነው እማማ! ከተማው በሙሉ እዚያ ነው! ባይሆን ሰኞ፣ ጭር ሲል...

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ጭር ያለ ሐይቅ ላይ ብንሰምጥ ማን ያወጣናል? ያን ቀን አንተን ማን ነው ያወጣህ?

ምትኩ፦ ዓሣ አስጋሪዎቹ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ እነማን?

ምትኩ፦ ያው... ሰርጓጅ የሚሉኝ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ከነልብሳቸው ገብተው ነው ያወጡህ፤ ጀልባዋንም በገመድ ጎትተው አወጡልህ። አንዱማ መረቡን ጥሎልህ የቀኑ ዓሣ አምልጦታል። አንድ ሳቅ አይገባቸውም? አንተ ደግሞ ማንም የማያውቅህ ቦታ ልትሄድ ነው። ናይቫሻ ላይ ማንም ካላወቀህ ማን ነው ለአንተ ብሎ ከነሱሪው ውኃ የሚገባው? ከተንሳፈፈች ነገ ጠዋት ቆሜ እመርቃችኋለሁ፣ ያቤሎም የትም አይሄድም። ካልተንሳፈፈች ግን የምሰምጠው እኔ ልሁን እንጂ ልጅቷ አትሆንም።

ምትኩ፦ አይበሉ እንዲህ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ብያለሁ።

ምትኩ፦ ይስቃሉ እማማ። አያውቋቸውም እነዚያን። ገና ከመኪና ስወርድ ይጀምራሉ።

ወ/ሮ ዘርትሁን፦ ይሳቁ እንጂ! እኔን ይህን በሚያህል ቀይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ላይ ነጠላ አጣፍቼ፣ የጀልባ አፍንጫ ላይ ተቀምጬ፣ በሁለት እጄ ሙጭጭ ብዬ ሲያዩኝ የአንተን ነገር በምን ጊዜ ያስታውሱታል? እቴነሽም ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ልትገዛ እዚያ ናት፤ ግልገሏን አሳይሻለሁ እላታለሁ። በል ወንበሩን አንሳልኝ። ኖላዊትን ጥራት፣ ዳር ላይ ቆማ ታየናለች፤ ሳምቡሳም ግዛላት። አንተ ውታፏን አጥብቅ፤ ሳቁን ለእኔ ተወው።