ሁለት ቤት ያደረ ሳክስፎን

ከነቀምቴ ወደ አኖ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት፣ ወለጋ ሁሉ ያውቀው የነበረው የዚያ የፈረሰው ባንድ ዘፋኝና ሳክስፎን ነፊ ነበሩ። ነፊው ቀድሞ ሰላም አለ።

«አካም ጅርታ?»

«ፋያ። ጠፋህ እኮ።»

«አንተም ጠፋህ። ሳክስፎኑ ደህና ነው?»

«መንፊያው አንተ ጋ ሆኖ ምን ደህና ይሆናል?»

«ስንጣላ ሽማግሌዎቹ ናቸው እንዲህ ያካፈሉን። መጫወት ሲያምራቸው ይፈላለጋሉ ብለው።»

«ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

«እኔም አንተን ስጠብቅ። ይኸው፣ መንፊያው ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

«እኔ ሳክስፎኑን ለቀበሌው ኪነት ሰጠሁት።»

«ያለ መንፊያ ምን ያደርጉበታል?»

«በአብዮት በዓል አንዱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይሰለፋል። ጫፉን ጎርሶ ጉንጩን ይነፋል። ከበሮው ስለሚጮኽ ማንም አያውቅበትም።»

«አንተስ ስታየው?»

«እኔ ሰልፍ ላይ ወደ ኋላ ነው የምቆመው።»

ጉቴ ስንደርስ ነፊው ለመውረድ ተነሳ።

«ነጋቲ።»

«ነጋቲ። መንፊያውን ግን አትጣለው።»

ባለፈው ሰልፍ ሳክስፎኑ በፊቴ ሲያልፍ እጄ እስኪቃጠል አጨብጭቤለት ነበርና፣ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።