ቢጫዎቹ መስመሮች

ጥፋተኛው እሱ ነው። ያ የመሰናበቻ ኬኩን ፊቱ አስቀምጦ እንደ ሙሽራ የሚሽኮረመመው፣ አሥር አለቃ የምንለው ሰውዬ። ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኞቹን "ግራ! ቀኝ! እግር ከፍ!" እያለ ጆሯችንን አደንቁሮታል። ዛሬ እኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ወረቀት ይዤ እዚህ የተገተርኩትም በእሱ ጦስ ነው።

ሥራ የጀመረ ቀን የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ወለል ከበሩ እስከ መስታወቱ፣ በየእርምጃው ቢጫ ፕላስተር ለጥፎበት ሄደ። እኔ ቆሻሻ መሰለኝ። ተንበርክኬ በቢላ ፍቄ ፍቄ አነሳሁት። በማግስቱ ገብቶ ጮኸ።

"እማማ! መስመሮቼስ?"

"እማማ ብለህ እናትህን ጥራ! ቆሻሻህን አነሳሁልህ፤ አመስግነኝ።"

"ጫፉ ላይ 'አይነካ' ብዬ ጽፌያለሁ እኮ!"

ጽፏል። እኔ ግን ያኔ "አይነካ"ን ከዝንብ ኩስ አልለይም ነበር። ገባው። ለማንም ትንፍሽ ሳይል፣ በየጠዋቱ የመወልወያዬ እጀታ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጽፎ ይለጥፍልኝ ጀመር። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ነው። የተማርኩት እልህ ይዞኝ እንጂ ወድጄ አይደለም።

ደግሞ ምክሩ! "ቀጥ በሉ" ይላል፤ እሱ ራሱ ማጭድ ሆኗል። "ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሲራመድ አያውራ" ይላል፤ እሱ ግን ብስኩት እየበላ፣ እያወራ፣ ሲሄድ ከበር ጋር የተላተመውን ሁላችሁም አይታችኋል። አትሳቅ፣ አንተን ነው!

ከዚያ ባሌን ያው ፓርኪንሰን ያዘው። እርምጃው አጠረ። በር ጋ ሲደርስ እግሩ ከወለሉ ጋር እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። እኔም "ኧረ ሂድ!" እያልኩ ከኋላ እገፋዋለሁ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። የጣልኩት እኔ ነኝ።

አሥር አለቃ ቤቴ መጣ። "አትግፊው፤ የሚሻገረው ነገር ስጪው" አለኝ። ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ፕላስተሩን ለጠፈና፣ "አባባ፣ በሩን ይርሱት። መስመሯን ብቻ ይሻገሩ። አንድ!" አለው።

ባሌ ተሻገረ።

አልዳነም፤ ይድናል ብሎም አልዋሸኝም። ግን ትናንት ብቻውን ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰ። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። አንዴ ብያለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታስለኝ።

በል ብርጭቋችሁን አንሱ! አሥር አለቃ፣ ጉልበትህ ይጽና። እንዳንተ ያለ ነዝናዛ ጎረቤት አይግጠምህ። ስትናፍቀን እንሰድብሃለን። ጠጡለት!

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሥራ አስኪያጃችን ትናንት ደብዳቤ ሰጥተውኛል፦ "ክፍሉ ለስብሰባ ስለሚፈለግ የወለሉ ፕላስተር እስከ ሰኞ ይነሳ።" አነበብኩት፤ ራሴ። ማክሰኞ ማክሰኞ ባሌና ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች እዚያ ይራመዳሉ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርዎት፦ አንዴ ባለማወቅ ፍቄዋለሁ። ከእንግዲህ ግን አልፍቅም።